ቅጠል የታተመባት ገንዘብ

የእህቴ ባል በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት «አንቱ» ነው የምለው። እዚህ ግን እሱ እለዋለሁ። ይኼ የመጀመሪያው በቀሌ ይሁን።

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የዓሣ መረብና ሲባጎ እሸጣለሁ። ነፍሴ ያለችው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ አሜሪካ ገና አገር ሳትሆን፣ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ሳለች በየግዛቱ ይታተም የነበረ የወረቀት ገንዘብ እሰበስባለሁ። ሰው ሲሰማ ይስቃል። እናቴ «የሞተ ብር» ትለው ነበር። አራት አሉኝ። ሦስቱን ከውጭ አገር ሰብሳቢዎች ጋር ተጻጽፌ፣ የእኛን አሮጌ ብሮች እየሰጠሁ የለወጥኋቸው ናቸው። አራተኛዋን የሰጡኝ ግን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ሱቄ ደጃፍ ቆመው መረብ ስቋጥር እያዩ ስለ አሮጌ ገንዘብ ስናወራ ዋልን፤ በዓመቱ ተመልሰው ሲመጡ ከመጽሐፍ መካከል አውጥተው በእጄ አኖሯት።

መዳፍ የማትሞላ ወረቀት ናት። በጀርባዋ የእውነተኛ ቅጠል ምስል ታትሞባታል፤ የቅጠል ጅማት አስመስሎ መቅረጽ ስለሚያስቸግር አጭበርባሪን ለመከላከል ነው። ከቅጠሉ ጋር «አስመስሎ የሠራ ይሙት» የሚል ማስጠንቀቂያ አለባት። ወረቀቷ ውስጥ ደቃቅ የድንጋይ ብልጭታ ተደባልቆበታል፤ ወደ ፀሐይ ሳዘነብላት እንደ ጧት ባሕር ብልጭ ብልጭ ትላለች። ለዚያች ብልጭታ ስል ስንት ጊዜ ሱቄን ዘግቼ ደጅ ወጥቻለሁ።

እሱ የሞተር ጀልባ ነጂ ነው፤ እንግዶችን ወደ ዘጌ ገዳማት ያመላልሳል። አንድ ቀን «አሜሪካኖች ይዣለሁ፤ ባለ ቅጠሏን ላሳያቸውና ዛሬውኑ እመልስልሃለሁ» አለኝ። እህቴ አጠገቡ ቆማ ነበር። እምቢ ማለት አቃተኝና ሰጠሁት።

ባዶ እጁን ተመለሰ። «ነፋስ ወሰዳት። ወላሂ፣ ከእጄ መንጭቆ ባሕሩ ላይ ጣላት» አለ። እኔ ያን ቀን ዳር ላይ መረብ ሳሰጣ ነው የዋልሁት፤ የደንገል ጫፍ እንኳ አልተነቃነቀም። ይህን ብናገር ሽማግሌ ተቀመጠብኝ። አጎቴ «ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ብለህ የእህትህን ትዳር ልታፈርስ ነው? ሰውየው በአላህ ስም ምሏል፤ በቃ!» አሉ። ትከሻውን ስሜ ታረቅሁ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ግን አምስቱንም ወቅት ስሰግድ ቂሜን ይዤ ነበር። ሞተሩ ባሕር መካከል ቀጥ እንዲልበት፣ እንግዶቹ እንዲሰድቡት እመኝ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ከረምሁ። ባለፈው ረመዳን ሱቄ መጣ፤ ወንበር ስቦ ስለ ሙቀቱ ጥቂት ካወራ በኋላ እንደ ዘበት ጠየቀኝ።

«አንድ ጓደኛዬ አሮጌ የውጭ ወረቀት አለው። እንዳይበላሽበት ምን ያድርገው?»

እሷ ናት! ወዲያው ሊሸጣት እንደሆነ ደመደምሁ። «ያምጡልኝና ልያት» ብል እንደማያመጣት አውቃለሁ፤ ማምጣት መስረቁን ማመን ነዋ። እንግዲያስ አይጠቀምባትም አልሁ በሆዴ።

«ላሚኔት ያስደርገው በሉት» አልሁት፣ ድምፄን አለስልሼ።

አገሩ ሁሉ የሚያምንበት ምክር ነው። በእኛ ቤት ክብር ያለው ወረቀት ሁሉ በላስቲክ ተለብጧል፤ የእህቴ የኒካህ ወረቀት፣ የእኔ የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ የአባቴ መንጃ ፈቃድ ሳይቀር። ለጥንት ገንዘብ ግን ላሚኔት ከፈኑ ነው። ሙጫው በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሰብሳቢ ዘወር ብሎ አያየውም። ያን ዕለት ያፈጠርሁባት ተምር እንዴት እንደጣፈጠችኝ አልደብቅም። ገዢው ፊቱ ላይ ሲወረውርለት እያሰብሁ ብቻዬን ሳቅሁ።

የኢድ ዕለት እህቴ መጣች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ከኋላዋ ገባ። ከሻሿ ሥር ፍሬም አወጣች፤ ውስጡ ያቺ ባለ ቅጠሏ ወረቀት አለች።

«ረመዳን ሲገባ ከሳጥኑ ሥር ነው ያገኘኋት፣ ወንድምዬ። ካልመለስህለት ደልጊ ዘመዶቼ ጋ እሄዳለሁ አልሁት። ‹ጓደኛዬ› ያለህ አፍሮ ነው እንጂ አንተን የጠየቀህ ለራስህ ብሎ ነው፤ ሳትበላሽ ልመልስለት ብሎ።»

«አንተ እንዳልኸው ነው ያደረግሁ» አለ እሱ። «ያውም በወፍራሙ ላስቲክ።»

ወደ መስኮቱ ወስጄ አዘነበልኋት። ላስቲኩ አብረቀረቀ። ወረቀቷ ግን ብልጭ አላለችም።

እሱ ከሚቀመጥበት ትይዩ ግድግዳ ላይ ሰቀልኋት፤ በመጣ ቁጥር ሌብነቱን እያየ ሻይ ይጠጣ ብዬ። ይቅር አላልሁትም፤ የሰረቀኝን ግን መልሷል፣ የገደልኋት እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ እያያት ፈገግ ይላል። ባለፈው ጁምዓ ለእህቴ እያሳያት «ይኸው፣ ምንም አልሆነችም። የወንድምሽ ምክር ባይኖር ተበላሽታ ነበር» አለ። እህቴ በኩራት አየችኝ።

«ዕድሜ ይስጥዎ» አልሁና ሻይ ጨመርሁለት።