ከሂርና በላይ፣ ኩርባው ላይ

አጎቴ አሮጌ ፔጆአቸውን ሲነዱ፣ ከሂርና በላይ ካለው ኩርባ ሲደርሱ ሁልጊዜ ክላክስ ያሰሙ ነበር። እዚያ ገደል ገብተው የሞቱ ሾፌሮች አሉ። «እነዚህም ይቸኩሉ ነበር፤ ሰላም በላቸው» ይሉኝ ነበር።

አጎቴ ከተቀበሩና ፔጆዋ ለእኔ ከቀረች በኋላ ልጄ «አባዬ፣ አሮጌዋን ሸጠን ፈጣን አዲስ መኪና እንግዛ» አለኝ። አዲሱን ልንሞክር ወጣን። ልጄ ኩርባውን እየበረረ፣ ክላክስ ሳያደርግ አለፈው። ወዲያው ከገደሉ ውስጥ የፔጆዋ ጎርናና ክላክስ ተሰማ። ፔጆዋ ግን ጭሮ ከተማ፣ ግቢያችን ውስጥ ባትሪዋ ወጥቶ ቆማ ነበር።

«ሰማህ?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ አባዬ፤ ይህን መኪና ለሻጩ እንመልሰው» አለ።

በመናፍስት አላምንም፤ የሰማሁትን ግን አልክድም። አሁን ልጄ ፔጆዋን ይነዳል። ኩርባው ላይ ክላክስ አሰምቶ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። መልስ ይመጣል ብለን እንፈራለን፤ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ሁለታችንም እናዝናለን።