ያልሞተችብኝ እናት

ዞኑ በየዓመቱ ለምስጉን ነዋሪዎች ከሚሰጠው የክብር ሽልማት አንዱ ለእኔ እንደተወሰነ የሰማሁት ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከአዘጋጅ ኮሚቴው አንድ ሰው ደብረ ማርቆስ ቤቴ ድረስ መጥቶ የሥራ ታሪኬን ጠየቀኝ፤ ጽፎ ሄደ። በሳምንቱ ጽሑፉን በስልኬ ላከልኝ። እስከ መሃሉ ደስ እያለኝ አነበብኩት። ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ክው አልኩ። «በዚህ ሁሉ የአገልግሎት ዘመናቸው አንዲት እናት እንኳ በእጃቸው ላይ አልሞተችም» ትላለች።

እኔ እንዲህ አላልኩም። ወዲያው ደወልኩለት።

«ይቺን ያውጡልኝ፤ እውነት አይደለችም» አልኩት።

«ሲስተር፣ የሽልማቱ መጽሔት እኮ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ደግሞስ ማን ይመረምራል? ሰው እንዲህ ያለ ነገር መስማት ይወዳል» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ቀን በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ሻይ ጥጄ እረሳዋለሁ። ገበያ ብዬ ወጥቼ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ። አጥቤ ያሰጣሁትን ልብስ አውርጄ እንደገና እዘፈዝፈዋለሁ። ልጄ በስልክ «እማዬ፣ ደስ አላለሽም እንዴ?» ስትለኝ «ምን አለመደሰት አለ» ብዬ ቶሎ ዘጋሁባት።

የሞተችብኝ እናት የቄስ ሚስት ነበረች። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ነው፤ ክረምት፣ ጠዋት። ልጇን በሰላም ተገላገለች፤ ሴት። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ። ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል መላክ ነበረብኝ። «ትንሽ ልጠብቅ፣ ይወጣል» አልኩ። ስንት ጊዜ ወጥቶልኝ ያውቃል! ደሙ ሲበረታ ሰዎች በቃሬዛ ይዘዋት ሮጡ፤ እኔም አብሬ ሮጥኩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ከላይ የዘነበው ሞልቶታል። እዚያው ዳር ላይ፣ ራሷን ደግፌ እንደያዝኩ፣ አረፈች።

ባለቤቷ ቅዳሴ ገብተው ነበር። ቄስ ሚስቱ ሞታበት ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀራል፤ እሳቸው አላገቡም። ሕፃኗን ከእናታቸው ጋር ሆነው አሳደጓት። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ መስቀላቸውን ያሳልሙኛል፤ ስለዚያ ጠዋት ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

ሽልማቱ ሦስት ቀን ሲቀረው በሚኒባስ ሉማሜ ሄድኩ፤ ከዚያ በእግሬ። ቄሱን የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ልሸለም ነው» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ ያለሽ።»

«‹በእጇ እናት አልሞተችም› ብለው ሊያነቡ ነው።»

የያዙትን መጥረቢያ መሬት አስቀመጡ።

«ታዲያ የኔዋን የት ሊያደርጓት ነው?» አሉኝ።

ያን ጠዋት መጠበቄን፣ ቀደም ብዬ ልኬያት ቢሆን ኖሮ ወንዙ ሳይሞላ ትሻገር እንደነበር ነገርኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ይቅር ይሉኛል፣ አለዚያም ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም።

«እኔም ደም እየፈሰሳት ነው የሚል መልእክት ደርሶኝ ነበር» አሉ። «ቅዳሴው ተጀምሯል፤ አቋርጦ መውጣት የለም። እስከ መጨረሻው ቀደስኩ። ስወጣ የሰዉን ፊት አየሁና ማንንም አልጠየቅኩም።» መጥረቢያቸውን አነሱ። «ሂጂ በይ አሁን፤ መኪና ያመልጥሻል።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከእኔ በፊት የተራቆተ ተራራ በችግኝ ያለበሰ ገበሬና አንዲት አሮጊት መምህርት ተሸለሙ። ለእኔም ካባ ደረቡልኝ። መድረክ መሪው ያቺን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነባት አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጠጋ ብዬ ማይክሮፎኑን ተቀበልኩት።

«አንዲት እናት ሞታብኛለች» አልኩ።

መድረክ መሪው ፈጠን ብሎ «ትሕትናቸውን ተመልከቱልኝ!» አለ። ሰዉ ከበፊቱ አብልጦ አጨበጨበ። ሰውነቴ በሙሉ ነደደኝ።

«ትሕትና አይደለም!» ስል ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኾ ወጣ። የሟችን ስም ከነአባቷ ጠራሁ። መላክ ሲገባኝ መጠበቄንም ተናገርኩ። ጭብጨባው እዚህም እዚያም እየተቆራረጠ ቆመ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የክብር እንግዳ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን መነካካት ያዙ። የምስክር ወረቀቱን ሰጡኝና ወረድኩ። ያ ታሪኬን የጻፈው ሰው በሩ ላይ ጠብቆ «ሲስተር፣ ምን ነካዎት? የራስዎን ቀን አበላሹት እኮ» አለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከደምበጫ ተደወለልኝ። የቄሱ ልጅ ናት፤ እዚያ መምህርት ሆናለች። የተናገርኩትን አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ እሷም ዘንድ ደርሷል።

«አባባ ስለዚያ ቀን አውርቶኝ አያውቅም» አለችኝ። «ላገኝዎት እችላለሁ?»

ትመጣለች ብዬ የመጠበቅ ትዕግሥት አልነበረኝም፤ በማግሥቱ እኔው ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ምንም ሳላስቀር ነገርኳት፤ መጠበቄንም፣ ወንዙንም። አላለቀሰችም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አይታኝ ነበር?»

«አዎ። ደረቷ ላይ አድርጌሽ ነበር። ጣቶችሽን አንድ በአንድ ስትዳስስ ነበር።»

«ምን አለች?»

«‹ሙሉ ናት› አለች።»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ባጃጆቹ እየተንጫጩ ያልፋሉ። ከዚያ «ክፍል አለኝ» ብላ ተነሳች፤ ጉልበቴን በእጇ ነካ አድርጋ ሄደች። ሻይዋን አልቀመሰችውም ነበር። እስካሁን አልደወለችልኝም፤ እኔም ልደውል ቁጥሯን አውጥቼ እያየሁ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቀው እተወዋለሁ።