ሰማያዊ መሆን ያቃተው ቤሪል

አበልጄ ቤላርሚኖ ድንጋይ ያውቃል። ይህን የምለው ላመሰግነው ሳይሆን ልወቅሰው ነው። የልጁ ክርስትና አባት ስለሆንኩ መብቱ አለኝ። ከጄኪቲኞኛ ወንዝ በላይ ባለው ተራራችን ነጩ አለት መላላት ሲጀምር፣ ሚካ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ስስ ድንጋይም መዳፍ እያከለ ሲመጣ፣ ከጀርባው ባዶ ጓዳ እንዳለና ቤሪል የሚባለው ባለ ስድስት ጎን የከበረ ድንጋይ እዚያ እንደቆመ ከእሱ አስቀድሞ የሚገምት የለም። ሲያገኘው ደግሞ ከእሱ የባሰ የሚያዝን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ዙልሚራ ታማ ተስፋ በቆረጥንበት ዓመት፣ «ካዳንሽልኝ መጀመሪያ የማገኘው ጥሩ ሰማያዊ ድንጋይ በቤተ ክርስቲያን ላለው ምስልሽ ዘውድ ነው» ብሎ ለእመቤታችን ተሳለ። ዙልሚራ ዳነች፤ ዛሬ በነገር ሁለታችንንም ትረታለች። ከዚያ ወዲህ ግን ቤላርሚኖ ያገኘው ቤሪል ሁሉ አረንጓዴ ሆነበት። እኔ ሰማያዊ ነው ስለው ወደ ፀሐይ ያዞረውና፣ «ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ አበልጄ። እመቤታችንን እንዲህ ባለ ነገር አላታልልም» ይለኛል።

እዚህ አገር አረንጓዴ ቤሪል በእሳት ሰማያዊ እንደሚሆን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ቢጫ የሚጨምርበት በውስጡ ያለው ጥቂት ብረት ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ቢጫው ይጠፋና ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። ሰው ሁሉ አሙቆ በደህና ዋጋ ሲሸጥ ቤላርሚኖ ብቻ ጥሬውን በርካሽ ይሰጣል። ስለቱን ሲሸሽ ከስለቱ በላይ ከሰረ። ስስታም እንዳልለው እንኳ ስስት የሚያተርፍ ነገር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የዙልሚራ ትዕግሥት አለቀ። ከሱሪው ኪስ ያገኘችውን አውራ ጣት የሚያህል ቤሪል በጣሳ አሸዋ ውስጥ ቀበረችና የካሳቫ ብስኩት ካወጣችበት ምድጃ ፍም ውስጥ ከተተችው። በችኮላ ከወጣ ይሰነጠቃልና ምድጃው ራሱ እስኪበርድ ጠበቀች። እሁድ ምሳ ላይ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ ከባሏ የቦሎቄ ሳህን አጠገብ አኖረችው። ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኗል።

«ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አለችው።

ቤላርሚኖ አነሳና ወደ መስኮቱ አዞረው። «ጠርዙ ላይ ትንሽ…»

«እኔስ?» አለች። «ድኛለሁ? ወይስ እኔም ጠርዜ ላይ ትንሽ ይቀረኛል?»

ሳቄን አፍኜ ቦሎቄዬ ላይ አቀረቀርኩ። ቀና ስል የአበልጄ ዓይን እንባ ሞልቷል።

«ስስት መሰለሽ?» አላት። «ስለቱን ለእመቤታችን ከከፈልኩ ነገራችን አለቀ ማለት ነው። እስካልከፈልኩ ድረስ ግን ዓይኗን ካንቺ ላይ አታነሳም ብዬ ነው።»

ዙልሚራ ድንጋዩን ከእጁ ወሰደችና በቀሚሷ ጠረገችው።

«ተነስ፣ ወስደን እንስጣት» አለችው። «ከዛሬ በኋላ አንተ ዓይንህን ከእኔ ላይ አታንሳ።»

እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋዩን የያዘችው እሷ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ክንዷን ይዟል።