ሮም ላይ ልንገናኝ ነበር

ጻፊ እንግዲህ፣ እንደምናገረው አድርገሽ ጻፊው።

አጎትሽ ከአገር ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው። ጀርመኖቹ ወረቀት ሰጥተውታል፤ በዚያ ወረቀት ሌላ ሌላ አገር ይሄዳል እንጂ ወደኛ መምጣት አይችልም። እሱ ያለበት ደግሞ ብርድ ነው፣ የናዝሬትን ሙቀት ለለመደ አሮጊት አይሆንም። ስለዚህ፣ "እማዬ፣ ሮም እንገናኝ። አራት ቀን አገር እናያለን፣ እህቴ ይዛሽ ትምጣ" አለኝ። እናትሽን ማለቱ ነው። እኔ ሮምን ምን ላድርጋት? ፊቱን ልይ ብዬ ነው እሺ ያልኩት። አዋሽ በረሃ መሀል ቢቀጥረኝም እሄድ ነበር።

ቪዛው ከተመታልን በኋላ በየምሽቱ ስልክ ላይ ጭቅጭቅ ሆነ። እናትሽ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ታቆመዋለች፣ እሱ ከወዲያ ያወራል። ጥንት ሰውን ከአንበሳ ያታግሉበት የነበረ ትልቅ ፍርስራሽ አለ፣ እሱን እናያለን ይላል። እኔ ደግሞ ጴጥሮስና ጳውሎስ ያረፉበትን ካላሳየኸኝ አልመጣም እላለሁ። "እማዬ፣ ሁለቱ የተለያየ ቦታ ናቸው፣ ጉልበትሽ አይችልም። ዊልቸር እንከራያለን" ሲለኝ ተናደድኩ።

"ሽባ ሆነች ይበሉኝ?"

"እዚያ ማን ያውቅሻል?"

"አንተ ታውቀኛለህ!"

ሳቀ። ሲስቅ ፍንጭቱ ታየኝ።

እናትሽ ደግሞ በጭኮው ተጣላችኝ። ገብሱን ራሴ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በቅቤ ያሸሁትን፣ "እማ፣ ቅቤው ልብሱን ያበላሸዋል፣ ኤርፖርትም ይጥሉታል" አለች። ልጄን ባዶ እጄን ልቀፈው? ተኮራረፍን። በጫማው፣ በሹራቡ፣ በፆሙ፣ ያልተጨቃጨቅንበት ነገር የለም።

ከዚያ አንድ ምሽት አልደወለም። "ኔትወርክ የለም" አለች እናትሽ። በማግስቱ፣ "ሥራ በዝቶበታል" አለች። ይሁን አልኩ። እንግዲያው ጭኮውን ሻንጣ ውስጥ ላስገባው ነው አልኳት።

"እሺ እማ፣ አስገቢው።"

እናትሽን ታውቂያታለሽ። ከተወለደች ባንድ ቃል እሺ ብላኝ አታውቅም። ቀና ብዬ አየኋት። ልብስ ታጥፋለች፣ ፊቷን ወደኔ አላዞረችም።

"ዊልቸሩስ፣ ይቅር?"

"ይቅር።"

"አራት ቀን አይበቃኝም። ሳምንት እንቆይ።"

"እሺ፣ እንቆያለን።"

ያኔ ነው የገባኝ።

ግን አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት መዋሸት አትችልም፣ ታለቅሳለች። እኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ተይዞ፣ በማለዳ ነው። ሰው እስኪሰበሰብ እየጠበቁ ነው አልኩ በሆዴ። እስኪነግሩኝ ድረስ ልጄ አለ። ስለዚህ መንገዱን ማሰናዳቴን ቀጠልኩ። አንቺንም ጠርቼ ያንን ፍርስራሽ በስልክሽ አሳዪኝ አልኩሽ። ስልኩን ሰጥተሽኝ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። አንቺም ታውቂ ነበር፤ አልቀየምሽም። "እዚህ ጋ ቆመን ፎቶ እንነሳለን፣ እሱ መሀል ይሁን" ስል እናትሽ ጓዳ ገባች። ቧንቧውን ከፈተችው፣ ውሃው ዝም ብሎ ፈሰሰ። እኔ ደግሞ ከጓዳ እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በሁለተኛው ቀን የት የት እንደምንሄድ አወራሁ። ካቆምኩ ይነግሩኛል።

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰዎች ጎረቤት ግቢ አግዳሚ ወንበር ሲያወርዱ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ምን አለ ብዬ አልጠየቅኩም። ገብቼ ጭኮውን በላስቲክ ጠቀለልኩ፣ ሻንጣው ውስጥ ሹራቡ ሥር ከተትኩት።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ልብሴን ለብሼ ነበር፣ ራሴ ከፈትኩት። የነፍስ አባቴ ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው የመተሐራ ዘመዶቻችን፣ ከነሱ ኋላ ጎረቤቱ በሙሉ። እናትሽ ግድግዳውን ይዛለች። አባ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ "ትንሽ ይቆዩኝ" አልኳቸው።

ቆዩልኝ። በመንገዱ ባጃጅ አለፈ፣ የሆነ ቤት ሬዲዮ ተከፈተ። ቆሜ ፊቱን አሰብኩት፣ ያንን ሲስቅ ያለውን።

ከዚያ፣ "እንግዲህ ይንገሩኝ" አልኳቸው።