በአጥር ላይ የሚያልፈው ሽቦ

ይህ ነገር ሊተረክ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። በተወለድኩበት በመካነ ሰላም ቆጣሪ ያልወደቀበት ቤት የለም፤ ስለ እሱ ደግሞ ማን ይጽፋል? ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የዶርማችን መብራት ድንገት ሲጠፋ ሁሉም «ማናት ምድጃ የሰካችው?» እያለ ወደ አንዲት ልጅ ዞረ። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ሆና ደብተር ታነብ ነበር። እኔም ዞሬ አየኋት። ወዲያው እትዬ ደስታ ትዝ አሉኝና ቀኑን ሙሉ ሲከብደኝ ዋለ።

ልጅ እያለሁ እትዬ ደስታ ከአጥራችን ማዶ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የራሳቸው ቆጣሪ ስላልነበራቸው ከእኛ ቤት ተነስቶ በአጥሩ ላይ በሚያልፍ ሽቦ መብራት ያገኙ ነበር። በሰፈራችን ያለው ለሌለው መስመር መስጠት የተለመደ ነው። እኛ ሙስሊም ነን፤ እሳቸው ክርስቲያን። ለአረፋ እናቴ ለእሳቸው ብላ ሥጋ ያልነካው ድስት ለብቻ ትጥዳለች። ለፋሲካ ደግሞ እሳቸው አባቴ እንዲያርዳት ብለው ዶሮ ከነነፍሷ ይልኩልናል።

ታላቅ እህቴ ዘምዘም ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ክረምት ከዚያ በተመለሰች ሴት እጅ ነጭ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላከችልን። በኩበት ጭስ በጠቆረው ማድ ቤታችን ውስጥ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። መጀመሪያ የተቀቀለበት ድንችና የአዲስ ቀለም ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ጥቂት ሳምንት እንደሠራ ግን ቆጣሪው መውደቅ ጀመረ። ማድ ቤት ሽንኩርት ሲጣድ «ጧ!» ይላል፤ ቤቱ ይጨልማል። ማንሳት የእኔ ሥራ ነበር። ፕላስቲክ ጫማዬን አድርጌ በርጩማ ላይ እወጣና በደረቅ እንጨት ወደ ላይ እገፋዋለሁ። ሽንኩርቱ ቀይ ሳይሆን ተመልሶ ይወድቃል።

አባቴ የማድ ቤቱን ሶኬት ቀየረ፤ የተላጠ ሽቦ ፈልጎ በናስትሮ ጠቀለለ። ቴሌቪዥኑንም ነቀለ። ምድጃውን ግን ማንም አልጠረጠረም። እኛ ዘንድ ዓረብ አገር ያለች ልጅ የላከችው ነገር አይነቀፍም፤ የላከችው ጫማ እንኳ ቢጠብ ወፍራም የሚባለው እግሩ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው አጥሩን ተሻገረ።

«እትዬ ደስታ፣ እንደው ማሞቂያ ነገር ሰክተው ይሆን?» አለች እናቴ፣ አጥሩን ተደግፋ።

«ወላሂ ፋጡማ፣ ካንዲት አምፖል በቀር ምንም የለኝ! ነይ ግቢና እይ።»

እናቴ ገብታ ማየት አፈረች። አባቴ ግን ማፈሩን ትቶ «አዎ ሰክቻለሁ የሚል የት አለ?» አለና ፒንሳውን አንስቶ ወጣ። እትዬ ደስታ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሽቦው ሲቆረጥ አዩ። እኔም ነገ ቆጣሪ የማነሳበት ሥራ ቀረልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ምድጃውን ስትለኩስ «ጧ!» አለ።

ከዚያ እናቴ ራሷ ተነስታ በቤቱ ያለውን ሁሉ ነቀለች። ምድጃውን ብቻ አስቀርታ «አንሺ» አለችኝ። አነሳሁ፤ ወደቀ። ምድጃውን ነቅላ ሌላውን ሁሉ ሰካች፤ መብራቱን ሁሉ አበራች። «አንሺ።» አነሳሁ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቴ ቆጣሪው እንዲወድቅላት የምትለምን ይመስል ትክ ብላ አየችው። አልወደቀም።

አባቴ በዚያው ሰዓት ሽቦውን ሊቀጥል ሄደ። እትዬ ደስታ ግን ከአጥሩ አላስጠጉትም።

«ተወው አንተ ልጅ። ነገ ደግሞ ቢወድቅባችሁ ማንን ልትሉ ነው?»

«አውፍ ይበሉን እትዬ ደስታ፣ ስለ ማርያም!» አለች እናቴ።

«አውፍ ብያለሁ፤ እናንተንስ ምን ብዬ እቀየማለሁ። መብራቱን ግን አልፈልግም።»

እውነትም አልተቀየሙም፤ የከፋው እሱ ነው። ኩራዝ ገዙ። የመስኮታቸው ጠርዝ በጥቀርሻ ጠቆረ። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮዋ እንደ ወትሮው ከነነፍሷ መጣች፤ እናቴ ስትቀበል ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ምድጃውም ጥልፍ ልብስ ለብሶ ሳሎን ተቀመጠ። ዘምዘም በደወለች ቁጥር «ምድጃው እንዴት ነው?» ትላለች። እናቴም «አልሐምዱሊላህ፣ ምን የመሰለ ነው!» ትላታለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ አባቴና እናቴ አይተያዩም ነበር።

አሁን ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም የየራሱ ቆጣሪ አለው። የጎረቤት መብራት ሲጠፋ የእኛ ይበራል፤ የእኛ ሲጠፋ የእነሱ ይበራል፤ ለምን ወደቀ ብሎ አጥር ላይ የሚጠያየቅ የለም። ይህ ይሻላል ይባላል፤ ይሻላልም። ሆኖም በክረምት ዕረፍት ቤት ስሄድ ያ አጥር ባዶ ሆኖ ሳየው አንድ የቤተሰብ ሰው የጎደለ ይመስለኛል።

እትዬ ደስታ የራሳቸው ቆጣሪ እስኪገባላቸው ድረስ በኩራዝ ቆዩ። አምፖላቸው ሲበራ እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው፤ እልል የማለት መብት እንደሌላት ሁሉ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። የከተራ ዕለት ነበር፤ ጥር 10 ቀን 2007 ዓ.ም.።