ዝንብ የሚጠራው ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ዘይቱን ለሁለት ስትገምስ መሀሉ ትል ይርመሰመሳል። «ልጣጩ ደህና ነው፤ ከየት ገባ?» አለችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና የድሮ ነገር መለሰብኝ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ገና ጢሜ ሳይጠና ፍኖተ ሰላም የተመደብኩ የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነበርኩ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሻ ደምሌ የሚባሉ ባለ አትክልት ዘይቱናቸው እየተላ እየረገፈ ተቸገሩና ተላክሁላቸው። መስከረም እያለቀ ነበር፤ መንገዱ ገና እግር የሚይዝ ጭቃ፣ ሜዳው ሁሉ የኑግ አበባ። ትሉ የሚፈለፈለው የፍሬ ዝንብ ልጣጩን ወግታ ከምትጥለው እንቁላል ነው። የያዝኩት መድኃኒት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ነበረች። ሽታው ለሰው እምብዛም አይታወቅም፤ የፍሬ ዝንብ ወንዱ ግን ከሩቅ ሸትቶት ይመጣል። ዝንቡ ምን ያህል እንደበዛ ለማየት ጥጥ ነክሬ በጣሳ ውስጥ አድርጌ ዛፉ ላይ ሰቀልኩ።

ባሻ ቤታቸው ወስደው የበቆሎ እሸት ጠብሰው አበሉኝ። ስንመለስ ጣሳው በዝንብ ተሸፍኗል፤ መንደርተኛውም ከቦታል።

«እነዚህ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አሉ ባሻ።

«እዚሁ ነበሩ፣ ባሻ። ሽታው ጠርቷቸው ነው።»

«የጠራቸው ይህ ሰው ከሆነ የላካቸውም እሱ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ከዚያ በኋላ ያስረዳሁት ሁሉ ክስ ሆነብኝ። ባሻ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጠርሙሷን ቀምተው፣ ክንዴን ይዘው አሮጌ ጎጆ ውስጥ ከተቱኝና ከውጭ ቀረቀሩት። ውስጡ የረገፈ ዘይቱን ተከምሮ ይበሰብሳል፤ ሽታው ያፍናል። በግድግዳው ስንጥቅ ዝቅ ያለ ድምፅ ይመጣል። «ከነጎጆው ይቃጠል» ያለውን ሰው ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የደብሩ መሪጌታ ደረሱ። «ደምሌ፣ ሰውየው ተዘግቶበታል። ጠርሙሱን ራስህ ያዝና ማዶ ካለው ዛፍ ስቀል። መተቱ የሱ ከሆነ ባንተ እጅ አይሠራም» አሉ።

ባሻ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ማዶ ሄዱ። በስንጥቁ ሳይ ሰማዩ እየደመነ ነው። አየሩ ከቀዘቀዘ ዝንብ አይበርም። ዝንብ ላጠፋ የተላክሁት ሰው፣ «አምላኬ፣ አምጣቸው» እያልኩ ግንባሬን መሬት ላይ ደፋሁ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። «ኧረ አንሱልኝ! እናንተ፣ አንሱልኝ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ባሻ መድኃኒቱን እጀ ጠባባቸው ላይ አፍስሰውት ኖሮ ዝንቡ ክንዳቸውን ወሮታል።

«እንግዲህ አንተንም እንዝጋብህ?» አሉ መሪጌታ።

በሩ ተከፈተ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ባሻ ይቅርታ አላሉኝም፤ ግን በቅሏቸውን ጭነውልኝ እስከ ቡሬ ድረስ እሳቸው በእግራቸው ሸኙኝ። መንገድ ላይ የተነጋገርነው የረገፈውን ፍሬ በጥልቅ ጉድጓድ ስለመቅበር ብቻ ነበር። ቀበሩትም፤ በተከታዩ ዓመት ከፍሬው ብዙው ተረፈላቸው።

ዛሬ በእነዚያ ሰዎች ላይ ቂም የለኝም። ሽታ አይታይም፣ አይታሰርም፤ የለፋበት የረገፈበት ሰው ደግሞ የሚያስረው ነገር ይፈልጋል። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም እስከዚህ ዕድሜዬ፣ ሰዎች ተሰብስበው ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ፣ መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ሳላይ አልቀመጥም።