ልጄ የማታውቀው ደጃፍ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ሰው ፊት መናገርም አልደፍርም። ግን ያየሁትን ብቻዬን ይዤ መቀመጥ አቃተኝ። ለአገር ቤት ሰውም፣ እንደኔ ለተሰደዳችሁም ልንገራችሁ።

ወደ ቤይሩት ለሥራ ስሄድ ካፋ ውስጥ ካለችው መንደሬ ከማንኪራ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እማዬ እስከ ቦንጋ መናኸሪያ በእግሯ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ በር ላይ እንደ ልማዴ ቆሜ፣ ሌላው ሰው ሁሉ እስኪገባ ጠበቅሁ። ረዳቱ፣ "እህቴ፣ ትሄጃለሽ ወይስ በር ልትጠብቂ ነው?" ሲለኝ ሰው ሳቀ።

በር ላይ መቆምን ያስተማረችኝ እማዬ ናት። እኛ ማንጆ ነን። በካፋ ጥቂቶች ነን፤ የጥንት አባቶቻችን አዳኞች ነበሩ ይባላል፤ እኛ ደግሞ እንጨትና ከሰል ለከተማ እንሸጣለን። ሌላው ስለሚጸየፈን ሰው ቤት አንገባም፤ ከሌላው ጋር በአንድ ሳህን አንበላም። አሁን ይህ ቀርቷል ይላሉ፤ በእኛ መንደር ግን ልጅ አራት ዓመት ሲሞላው ዛሬም ይማረዋል። እማዬ ለእኔ ጨዋታ አደረገችልኝ። የኮባ ቅጠል እንደ ዋንጫ ጠቅልላ፣ "ውሃ ሳያፈስ የሚጠጣ ማን ነው?" ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ እኔ አሸንፍ ነበር። ሰው ብርጭቆውን እንደማይሰጠኝ ያወቅሁት ቅጠሉን ከለመድኩት በኋላ ነው።

ቤይሩት ግን ማንም አላወቀኝም። አየሩ ጨው ጨው ይላል፤ ቡናቸውን ከነአተላው ይጠጣሉ። ዝናቡም ተቆጥቶ መጥቶ ተቆጥቶ ይሄዳል፤ የእኛ ዝናብ እኮ አብሮን ውሎ የሚያድር ቤተሰብ ነው። እዚያው ያገባሁት ባለቤቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ፣ እዚያው ከተወለደችው ልጄ ከሜሮን ጋር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች የቦንጋ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አከራዩ ደረጃው ላይ በተሰጣው ልብስ ጮኸባቸው።

"የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው" አሉት።

"ያው ነው! ሐበሽ ሁላችሁ አንድ ናችሁ!"

"እኔ ወፍራም፣ እሷ ሸምበቆ! ምናችን ነው አንድ? አንተ ዕውር!"

እሳቸው ቀኑን ሙሉ ሲናደዱ ዋሉ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ከቦንጋ ሰው ጋር አንድ ነሽ ሲሉኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሜሮን አራት ዓመት ሞላት። መንገድ ላይ ልጆች ጥቁር ብለዋት ስትጠይቀኝ መልስ አላጣሁም። "ጥቁር ነሽ፤ እኔም ነኝ፤ ታምሪያለሽ" አልኳት። ቀለሟን መስታወትም ያሳያታል። ያኛውን፣ ማንጆነቷን ግን እኔ ካልነገርኳት ማን ያሳያታል? ሳልነግራት ቀርቼ አንድ ቀን ሰው መሀል ቢያዋርዷትስ?

ሳልወስን ቀኑ ቀደመኝ። ለእትዬ ዘነበች ከቦንጋ ቆጮ መጣላቸውና ጠሩን። እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሜሮን ሮጣ ገባች፤ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ እጇን ሳህናቸው ውስጥ ከተተች።

"ግቢ እንጂ አንቺ! ቆጮው ድንጋይ ሊሆን ነው" አሉኝ።

"አያቴም ቆጮ አላት" አለች ሜሮን። "ማንኪራ ናት። ከሰል ተሸክማ ቦንጋ ትሸጣለች።"

የእትዬ ዘነበች እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ።

"እናንተ..." አሉ።

"አዎ እትዬ። ማንጆ ነን።"

ቃሉን ለሌላ ሰው ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ልጄን ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ቀደመችኝ።

ሜሮን ምን እንደተፈጠረ አላወቀችም። ጎመኑን በቆጮ ጠቀለለች፤ ተንጠራርታ ወደ አፋቸው አስጠጋች። "በሞቴ!" አለች፣ ልክ እኔ እንደምላት።

እትዬ ዘነበች ያቺን ትንሽ እጅ አዩ።  ሌላውን ሰው ማጉረስ እናቴ አታደርገውም፣ እኔም አላደርገውም፤ አያት ቅድመ አያቶቼ በሕልማቸውም አላዩት። እትዬ ዘነበች አፋቸውን ከፈቱና ጎረሱ።

ረጅም ጊዜ ሲያላምጡ ቆዩ።

"ጎመኑ ጨው አንሶታል" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "ግቢና በሩን ዝጊው፤ ብርድ ገባ።"

ከልባቸው ይሁን ልጅ ላለማሳፈር ብለው አላውቅም። ሌላ ቀን ይጠሩን እንደሆነም አላውቅም። ግን ገባሁ፤ በሩንም ዘጋሁት።

ለእማዬ ደወልኩላት። ሁሉንም በቋንቋችን በካፊኖኖ ነገርኳትና፣ "ታዲያ አሁን በር ላይ መቆምን ላስተምራት ወይስ ልተወው?" አልኳት።  ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ፣ "እማዬ?" አልኩ።

"አለሁ" አለችኝ። "እስኪ ሜሮን ከገባችበት ጀምረሽ ደግመሽ ንገሪኝ።"